ባሕርተኛን በላቡ አትለካው

ይድረስ መርሳ ላለው ለወንድሜ ልጅ

ለባሕር ኃይል መመረጥህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አባትህ ቢጨነቅ አትፍረድበት፤ እኔም ስሄድ አያትህ እህል አልቀምስም ብላ አስቸግራ ነበር። «መርከብ ላይ የሰው ሥራ በምን ይለካል? እንዴትስ ይሻሻላል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ የመሐንዲስ ነው፤ መልሱ ግን ግማሹ ስለ ሰው ነው። በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ አገልግያለሁ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የባዕድ ሰንደቅ በሚያውለበልቡ የጭነት መርከቦች ላይ ሠራሁ፤ ወልድያ ከተመለስሁ ወዲህ ደግሞ ሐብሩ ውስጥ የመስኖ ፓምፕ ስጠግን ኖሬአለሁ። የምነግርህ ከዚያ ያገኘሁትን፣ አንብቤም የደረስሁበትን ነው።

1. የምትገባበትን ቤት ታሪክ ሳታውቅ ምንም አትለካ።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋና ጣቢያው ምጽዋ ነበር፤ የመኮንኖቹ ኮሌጅ ደግሞ አስመራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአሠልጣኞቹ መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የተሠራች፣ 95 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ ነበረች። የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የብዙ አገር የጦር መርከቦች ምጽዋ ይመጡ ነበር፤ ያኔ ማን ምን ያህል እንደሠለጠነ ጎን ለጎን ይታያል።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ተበተኑ። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ቀርታ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ1996 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ የነበሩትም ለሐራጅ ቀረቡ፤ ባሕር ኃይሉም በዚያው ፈረሰ።

ብረቱ ይቆጨኛል። ከብረቱ የበለጠ የሚቆጨኝ ግን አብሮት የተበተነው ልምድ ነው። የትኛው ፓምፕ በምጽዋ የሐምሌ ሙቀት ስንት ሰዓት ሠርቶ «ሲሉ» (ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት) እንደሚያልቅ፣ የትኛው ጄኔሬተር ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የጨው ውኃ የትኛውን ቧንቧ ቀድሞ እንደሚበላ የሚያውቁት ሰዎች ግማሾቹ ስደት ላይ አረጁ፤ ግማሾቹም እንደኔ ያገር ቤት መካኒክ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ሲነገር፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈረም ልቤ ዘሎ ነበር። ያንተ ትውልድ ብዙውን ነገር ከባዶ ገጽ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የምትለካውን ሁሉ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ብለህ ጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ ማን እንደሠራው። አለቃህ ባይጠይቅህም ጻፍ።

2. የጦር መርከብ ምርቱ ዝግጁነት ነው።

ሲሚንቶ ፋብሪካ ኩንታል ይቆጥራል። የጭነት መርከብም ያደረሰውን ኮንቴይነርና ያቃጠለውን ናፍጣ ቆጥሮ ይናገራል። የጦር መርከብ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ዓመት ግን በከንቱ አለፈ አይባልም። ይህ ያልገባው አለቃ የሚቆጥረው ሲያጣ ላብ ይቆጥራል። ማን ሲሮጥ ታየ፣ ማን ቁጭ ብሎ ተገኘ፣ ማን እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ ይላል። በወንፈል ጤፍ ሲታጨድ አይተሃል፤ አርባ አጫጅ ተሰልፎ ነዶውን ወደ ክምር የሚያጓጉዝ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ፣ አርባውም ቢያልበው ዝናብ የሚመታው ነዶ አይቀንስም።

አንተ የምትጠይቀው ሌላ ነው። ትእዛዝ ከወጣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ለጉዞ ይደርሳል? የእሳት ደወል ከተደወለ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ውኃው እሳቱ ላይ ያርፋል? ለዚህ ወር ከታቀደው ጥገና ስንቱ በቀኑ ተሠራ? የተጠገነው ማሽን በአንድ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ተመልሶ ተበላሸ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው። ጥገናን ብዛቱን ብቻ ከቆጠርህ አንዱን ፓምፕ አምስት ጊዜ የፈታው ሰው፣ አንድ ጊዜ ፈቶ በደንብ ከገጠመው ይበልጥ የሠራ መስሎ ይታይሃል።

አንድ ጨምር። ይህን ሥራ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ያለበት መርከብ፣ ያ ሰው ወባ በያዘው ቀን ግማሹ ቆሟል ማለት ነው።

3. እንቅልፍን እንደ ነዳጅ መዝግብ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ በዚህ የተነሣ ሰው ስለሞተ ነው።

ሰኔ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጃፓን ባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ «ፊትዝጄራልድ» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከአንድ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 7 ባሕርተኞች ሞቱ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ነሐሴ 15 ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ሲንጋፖር አጠገብ «ጆን ኤስ. ማኬይን» ከአንድ ነዳጅ ጫኝ ጋር ተጋጨች፤ 10 ሰው ሞተ። ዓለም ላይ ካሉት ባሕር ኃይሎች ሁሉ ሀብታም የሆነው፣ ራዳር ያልጎደለው፣ ሁለት መርከብ በአንድ ክረምት እንዲህ ሆነበት።

የማኬይንን በደንብ እይ። ካፒቴኑ መሪ የያዘው ልጅ ሥራ እንደ በዛበት አይቶ፣ የፍጥነቱን መቆጣጠሪያ ጎን ያለው ሰው እንዲወስድለት አዘዘ። ሲያዛውሩ ግን መሪውም አብሮ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ሄደ። ልጁ መሪው የጠፋበት መሰለው። መሪው ግን አልጠፋም፤ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ይህን እስኪለዩ ድረስ መርከቢቱ ዞራ ነዳጅ ጫኙ ፊት ገባች። ብሪጅ (የመርከቢቱ ማዘዣ ክፍል) ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ ከሌላ መርከብ በውሰት የመጡ ስለነበሩ ያንን መቆጣጠሪያ በወጉ አልተማሩትም። ተረኞቹም ከአደጋው በፊት በነበረው አንድ ቀን ውስጥ በአማካይ 5 ሰዓት ያልሞላ ነበር የተኙት።

ከፊትዝጄራልድ አደጋ አንድ ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ ኮንግሬስ ኦዲት መሥሪያ ቤት ይህንኑ የሚያሳይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሪፖርቱ እንደሚለው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የባሕር ኃይሉ የራሱ ጥናት ባሕርተኛው በሳምንት 108 ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚውል አግኝቶ ነበር፤ መለኪያው ግን 80 ይል ነበር። ልዩነቱ 28 ሰዓት ነው፤ የተቀነሰው ከእንቅልፍ ነው።

የንግድ መርከበኞች ዓለም አቀፍ ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። ዕረፍቱ ቢከፈል ከሁለት በላይ አይከፈልም፤ ከሁለቱ አንደኛው ቢያንስ 6 ሰዓት መሆን አለበት። ሕጉ የጦር መርከብን አያስገድድም፤ አንተ ግን መነሻ አድርገው። የተራውን ሰሌዳ ስታወጣ ሰውየው በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲተኛና በአንድ ሰዓት እንዲነሣ አድርግ። ዛሬ በቀን፣ ነገ በማታ፣ ከነገ ወዲያ በውድቅት የሚነሣ ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛም አይጠግብም፤ የሰው ገላ የራሱ ሰዓት አለው። ከነዚያ አደጋዎች በኋላ አሜሪካኖቹም የተራ ሰሌዳቸውን በዚህ መንገድ እንዲያወጡ ታዘዋል።

በነገራችን ላይ፣ ሰዓቱን ስትጽፍ የመርከቧን ሰዓት ጻፍ እንጂ ያገር ቤቱን አትጻፍ። እኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የምንለውን የመርከቡ ደብተር 1 ሰዓት ይለዋል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ የተቀላቀሉበትን ደብተር ማንም ተመራማሪ ሊያነብበው አይችልም።

4. ለክተህ ዝም አትበል።

ሐምሌ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሳንዲያጎ ወደብ ላይ ጥገና ላይ የነበረችው የአሜሪካ የጦር መርከብ «ቦኖም ሪቻርድ» በእሳት ተያያዘች። ከአራት ቀን በላይ ነደደች፤ በመጨረሻም ለቁርጥራጭ ተሸጠች። የምርመራውን ሪፖርት ያነበበን ሰው የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ሠራተኞቹ የእሳት ልምምድ ያደርጉ ነበር፣ ሰዓቱም ይለካ ነበር። ውኃው ወይም አረፋው በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ እሳቱ ላይ ሳይደርስ የቀረው ግን በ14 ተከታታይ ልምምድ ነው። ከእሳት ማጥፊያ ጣቢያዎቹ 87 በመቶው በጥገናው ምክንያት ከሥራ ውጭ ነበሩ። አረፋ የሚለቅ ቁልፍ ነበር፤ በጊዜው የተጫነው የለም።

አሥራ አራት ጊዜ ቁጥሩ ተናግሯል፤ የሰማው የለም። ለኔ ይህ ካለመለካት ይከፋል፤ የለካ ሰው ሥራውን የጨረሰ ስለሚመስለው ይተኛበታል። አንተ ልምምድ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከሰዓቱ ካለፈ ሦስተኛውን አታድርግ። ቁም። ሰዎቹን ሰብስበህ የት እንደ ዘገየ ጠይቅ፤ በሩ ነው፣ ቱቦው ነው፣ ጭምብሉ ነው፣ ወይስ ትእዛዙ አልተሰማም? ያችን አንዷን አስተካክለህ ከዚያ ድገም። የምታስተካክልበት ሥልጣን ከሌለህ ለሚችለው በጽሑፍ አሳውቅ፣ ቅጂውንም ያዝ።

5. መጥፎ ቁጥር ያመጣልህን ሰው አትቆጣ።

ስሟን በማልጠራት የጭነት መርከብ ላይ ሠርቼአለሁ። የሞተር ክፍሉ ተረኛ በየሰዓቱ ዞሮ የዘይቱን ግፊት፣ የውኃውን ሙቀት፣ የጭሱን ሙቀት አንብቦ ወረቀት ላይ ይሞላል። ዋና መሐንዲሱ ከተለመደው ወጣ ያለ ቁጥር ባየ ቁጥር የሚጮኸው በማሽኑ ላይ ሳይሆን በጻፈው ሰው ላይ ነበር። «ምን አድርገህበት ነው?» ይላል። ቀስ በቀስ ሰዉ የተለመደውን ቁጥር ብቻ መጻፍ ጀመረ። የአንዱን ሳምንት ወረቀት ዘርግቼ ስመለከት የዘይት ፊልተሩ መግቢያና መውጫ ግፊት ከዓምድ ዓምድ አንድ ነበር፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንድ ስርዝ። የሞተር ክፍል ወረቀት እውነተኛ ከሆነ ዘይት ይነካዋል፣ ይሰረዛል፣ ቁጥሩም ይንቀሳቀሳል። ያ ወረቀት እንደ ሠርግ ጥሪ ንጹሕ ነበር። ፊልተሩ ተደፍኖ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ የአንዱ ጄኔሬተር ቦሮንዚና ተቃጠለ።

ያን ጊዜ የተቀጣው ተረኛው ነው። ፍርዱ ትክክል አልነበረም፤ ሐሰቱን ያስተማረው ጩኸቱ ነው። ስለዚህ የሚያሰጋ ቁጥር ይዞ የመጣ ልጅ ካለ መጀመሪያ አመስግነው፣ ከዚያ አብረኸው ወርደህ እይ። እንዲሁም በቁጥር ሰውን ከሰው አታወዳድር። ክፍልን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር አወዳድር። ሰው ከሰው ሲወዳደር ያላወቀውን መጠየቅ ያፍራል፤ መርከብ ላይ ደግሞ ሳይጠይቅ የሚነካ እጅ ሌላውን ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል።

6. ሰውን ከማፍጠንህ በፊት የማይረባውን ሥራ አስወግድ።

አንድ ቀን ሰዓት ይዘህ አንድን መካኒክ ተከተል፤ አስፈቅደኸው፣ ለምን እንደሆነም ነግረኸው። የፓምፕ ሲል ሊቀይር ነው እንበል። መፍታቱና መግጠሙ ምን ያህል ወሰደ? 19 ቁጥር ቁልፍ ፍለጋ፣ መጋዘኑን የሚከፍተውን ሰው ጥበቃ፣ መለዋወጫው የተሳሳተ ሆኖ መመለስ፣ ወረቀት ማስፈረም ምን ያህል ወሰደ? ለየብቻ ጻፈው። ስታየው ትደነግጣለህ። ብዙ ጊዜ እጁ ብሎኑ ላይ ያረፈበት ጊዜ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ያን ልጅ «ፍጠን» ብትለው የምታፈጥነው ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። ቁልፎቹን ከፓምፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ብትሰቅልለት ግን ማንም ሳይሮጥ ሥራው ያጥራል።

በ1997 እ.ኤ.አ. «ቤንፎልድ» የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ የተረከበው ማይክል አብራሾፍ ከ300 ያላነሱ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስጠርቶ የሚወድዱትን፣ የሚጠሉትንና ቢሆንላቸው የሚለውጡትን ጠየቃቸው። አንዱ ባሕርተኛ የመርከቧ ብሎኖች እየዛጉ ቀለሙን ስለሚያበላሹት ሠራተኛው ዘወትር ቀለም ሲቀባ እንደሚውል ነገረውና የማይዝጉ ብሎኖች እንዲገዙ ሐሳብ ሰጠ። ተገዙ። ቀለም ቅብ ላይ ያልቅ የነበረው ጊዜ ለሥልጠና ዋለ። ያን ሐሳብ መሐንዲስ አላመጣውም፤ ብሩሽ የያዘው ልጅ ነው ያመጣው።

አንተም ጠይቅ፤ ግን አጠያየቁን እወቅበት። የኛ አገር ልጅ አለቃው በሰው ፊት «ችግር አለ?» ቢለው «የለም ጌታዬ» ነው የሚለው። ለብቻው፣ ሻይ ይዛችሁ፣ «ከሥራህ ውስጥ ቢቀር ማንም የማይጎዳበት የቱ ነው?» በለው። የነገረህን በወር ውስጥ አንዱን እንኳ ፈጽምለት፤ ካልፈጸምህለት ሁለተኛ አይነግርህም።

7. ሰው በመቀነስ የተገኘ ውጤታማነትን አትመን።

አሜሪካኖቹ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማሽን አለን ብለው የየመርከቡን ሰው ቀነሱ። በወረቀት ላይ አማረ። በ2010 እ.ኤ.አ. በጡረታ ላይ የነበሩት ምክትል አድሚራል ፊሊፕ ባሊስል የመሩት ቡድን የመርከቦቹ ይዞታ መውረዱን ዘገበ፤ የሰው መቀነስም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ40 ሰው ትሄዳለች ተብላ የታቀደችው ትንሿ የባሕር ጠረፍ ተዋጊ መርከብም በኋላ 50 ሰው አስፈለጋት። በሰላም ቀን ትርፍ የሚመስልህ ሰው፣ መርከብ ሲቀደድ ቱቦ የሚይዘው ነው።

8. ወጥ ቤቱንና ሙቀቱን ከመለኪያህ አታስቀር።

ቀይ ባሕር ላይ በሐምሌ ሞተር ክፍል የገባ ሰው የሚጠጣው ውኃና የሚወርደው ላብ ሊመጣጠን አይችልም። የክፍሉን ሙቀት በየተራው ጻፍ፤ ስሕተት የበዛበትን ሰዓት ከሙቀቱ ጎን አስቀምጠህ እይ። ምግቡ ሲበላሽ ደግሞ ሥራው በሦስተኛው ቀን ይበላሻል።

9. ሳትሄድ እዚሁ ተለማመድ።

ባሕር አልደረስሁም ብለህ አትቀመጥ፣ አብሽር። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ፓምፖች እግርህ ሥር ናቸው። ፓምፕ ምጽዋም ጊራናም ፓምፕ ነው። የማውቀውን የውኃ ተጠቃሚ ኮሚቴ አነጋግሬልሃለሁ፤ አንዱን ፓምፕ ለአንድ ወር ይሰጡሃል። የሠራበትን ሰዓት፣ የቆመበትን ሰዓትና ምክንያቱን ለይተህ ጻፍ፤ የመብራት መጥፋት፣ የመለዋወጫ ጥበቃ፣ የኦፕሬተሩ አለመኖር፣ እውነተኛ ብልሽት። አራቱን አትቀላቅል። ኦፕሬተሩን በአክብሮት ያዘው፤ በዕድሜ ይበልጥሃል፣ «አያ» በለው። መጀመሪያ የጻፍኸውን ለእሱ አሳየው፣ ከዚያ ለኮሚቴው። ደብተሩ ለመስኖው ይቀራል፤ ለራስህ ቅጂ ያዝ።

ወሩ ሲያልቅ ቅጂውን ይዘህ ወልድያ ና። ጎንደር በር ወርደህ ደውልልኝ፣ እቀበልሃለሁ። የቆመበትን ምክንያት ቀድመን እናያለን፣ የሠራበትን በኋላ። ለባሕር ኃይሉም የተራና የዕረፍት ሰሌዳ አብረን እናወጣለን፤ የንድፉን ወረቀት አሰምሬ አዘጋጅቼልሃለሁ።

አጎትህ፣ ከወልድያ